እስከ መጋዘኑ አርባ ተጋዳሚ

መስከረም 18 ቀን

ለእትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ለጋሼም የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሳሉ ለቆኛል፣ ክፍሌ አይበርድም፣ ሥራም አለኝ።

የምጽፍልሽ በሥራው ምክንያት ነው። የእኛን የባቡር መስመር ከመቶ ዓመት በፊት የዘረጉት መሐንዲሶች የዚህ ከተማ ሰዎች ነበሩ። የከተማው ሙዚየም ከመስመሩ ዘጠኝ ጣቢያዎች አንዱ በትንሹ ተሠርቶ እንዲቀመጥለት ፈለገ፤ ሞዴሉን እንድሠራ ለእኔ ሰጡኝ። የሚሠራው የእኛ ጣቢያ ነው። ሁሉ ነገር ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያንሳል። ሰው የጣት አንጓ ያህላል። ጣቢያው፣ የውሃ ማማው፣ የእህል መጋዘኑ፣ የሃዲድ ቀያሪው ቤት፣ ፉርጎዎቹ፣ ሁሉም እኔ ዘጠኝ ዓመቴ በነበረበት ዓመት እንደነበሩ ሆነው ይቆማሉ።

እዚህ ያገኘሁት ንድፍ የጣቢያውን ሕንፃ፣ የቀያሪውን ቤትና ዋናውን ሃዲድ ከነምልክት ምሰሶው ብቻ ያሳያል። መጋዘኑ በኋላ የተጨመረ ስለሆነ የለበትም። ስለዚህ እባክሽ፣ ከቀያሪው ቤት እስከ መጋዘኑ ጥግ ምን ያህል ነበር? የመጋዘኑ በር ቀለሙ ምን ነበር? የቆርቆሮው ዝገት ወደ ቀይ ነው ወደ ጥቁር የሚያደላው? ዝገት ሁሉ አንድ አይደለም። ይህን የሚያውቅልኝ ከአንቺ ሌላ ሰው የለኝም።

ወንድምሽ
ጉንዳን


ጥቅምት 20 ቀን

ለጉንዳን፣

ሰላምህ ይብዛ። ፈጣሪ ይመስገን፣ እኛ አለን። ሦስት ዓመት ድምፅህን አጥፍተህ ዝገት ፍለጋ ጻፍክ። ደግነቱ እዚህ የተረፈን ሀብት እሱ ነው። ከቆርቆሮው ስብርባሪ ፍቄ በወረቀት ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ፤ ወደ ቀይ ያደላል። በሩ አረንጓዴ ነበር፣ ከታች የተላጠ።

«ዘጠኝ ዓመቴ በነበረበት ዓመት» ትላለህ። የአደጋው ዓመት ማለት አቃተህ? አንተ ካልጻፍከው እኔ ልጻፈው። አባባ ሃዲድ ቀያሪ ነበሩ። ሩቅ ካለው ምሰሶ ላይ የብረቱ ክንድ ሲወርድ ባቡር ገብቷል ማለት ነው፤ ያኔ መዘውሩን ስበው ሃዲዱን ወደ ዋናው መስመር መመለስ ነበረባቸው። አልመለሱትም። ባቡሩ ወደ መጋዘኑ ሃዲድ ገብቶ እህል ከጫኑት ፉርጎዎች ጋር ተጋጨ። አሥራ አራት ሰው ሞተ። ባቡሩን ይነዳ የነበረው የእሳቸው ወንድም፣ ያንተ አባት ነው። አባባ «መጋዘኑ ከልሎኝ ምልክቱን አላየሁም» አሉ። መርማሪዎቹ «ከመስኮቱ ይታያል» አሉ። አባባ ሁለት ዓመት ታስረው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በከተማው ስማቸው «አላየሁም» ነው። እኔም የአላየሁም ልጅ ነኝ። መጋዘኑም የቀያሪውም ቤት ፈርሰዋል፤ ማን ይመስክር?

ከዘጠኙ ጣቢያ የእኛን የመረጠው ማን ነው? ሙዚየሙ ነው ወይስ አንተ?

ልኬቱን ይኸውልህ። ደብዳቤህን ሳነብላቸው አባባ ከአልጋ ተነሱ። ስድስት ወር በራሳቸው ያልተነሱ ሰው «ዱላዬን አቀብዪኝ» አሉ። ሜትር ልዋስ ስል ሳቁብኝ። «የባቡር ሰው በሜትር አይለካም፤ በተጋዳሚ ቁጠሪ» አሉ። የመጋዘኑ ሃዲድ ተነቅሎ ተሸጧል፣ ሃዲዱ የተኛባቸው ተጋዳሚ እንጨቶች ግን መሬት ውስጥ በስብሰው አሉ። ክንዳቸውን ይዤ አንድ በአንድ እየረገጥን ቆጠርን። ከቀያሪው ቤት መሠረት እስከ መጋዘኑ መሠረት አርባ ተጋዳሚ ነው።

አሁን የእኔ ጥያቄ። ቤቱን ሠርተህ ስትጨርስ ዓይንህን መስኮቱ ላይ አድርገህ ተመልከት። ምልክቱ ይታያል ወይስ አይታይም? የከተማው ሰው ቢያምናቸው ባያምናቸው ለምደውታል። አንተ ግን አባት ሆነው ያሳደጉህ ልጅ ነህ፤ አንድም ቀን አምንዎታለሁ አላልካቸውም። ከመሞታቸው በፊት ከአንተ መስማት ይፈልጋሉ። እሳቸው አላሉኝም፣ እኔ ነኝ የምልህ።

እትዬ


ኅዳር 27 ቀን

ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጋሼስ በረታ አሉ? ዝገቱ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ፈጭቼ ከቀለም ጋር ሞከርኩት፤ ከገዛኋቸው ቀለሞች ሁሉ የበለጠ ይመስላል።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ጽፌልሽ አላውቅም። ነገሮችን ማስረጀት ነው። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ኮምጣጤ ውስጥ ሦስት ቀን እነክራለሁ። ኮምጣጤው ደፍረስ ሲል አዲሱን እንጨት እቀባዋለሁ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ክረምት የመታው ይመስላል። ፉርጎውን መጀመሪያ የዝገት ቀለም እቀባለሁ፣ ሲደርቅ በውሃ አርጥቤ ጨው እነሰንስበታለሁ፣ በላዩ ቀዩን እቀባለሁ፣ በመጨረሻ ጨውን በጣቴ አራግፋለሁ። ጨው የነበረበት ሁሉ ተልጦ ከሥሩ ዝገቱ ይወጣል። አብሮኝ የሚሠራ ሽማግሌ አናጢ አለ። «እንጨቱን ስታስረጅ ይከፍሉሃል፤ እኔ ግን በነፃ አረጀሁ» ይላል በየቀኑ። በየቀኑ እስቃለሁ።

መጋዘኑ ቆሟል። በሩ አረንጓዴ ነው፣ ከታች የተላጠ።

የውሃ ማማው ቆሟል።

የቀያሪው ቤት አሥራ ሦስት እርከን ደረጃ አለው። ፎቶ ላይ ቆጠርኩ። አራት መስኮት አለው። መስታወት ገና አልገጠምኩላቸውም። መስታወቱ በጣም ቀጭን ነው፤ ስቆርጠው ይሰነጠቃል። በዚህ ሳምንት ሦስት ሰበርኩ።

ጣቢያውን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ወንድምሽ
ጉንዳን


ጥር 9 ቀን

ለጉንዳን፣

ሰላም ላንተ ይሁን።

ስለ ጨው ጻፍክልኝ። ስለ ኮምጣጤ ጻፍክልኝ። የማላውቀው አናጢ የሚለውን ሁሉ ነገርከኝ። መስኮቱ መስታወት ባይኖረው ይሻላል፤ ዓይን በባዶ ቀዳዳም ያያል።

አባባ ሾርባ ብቻ ነው የሚወስዱት። ፖስተኛው ባለፈ ቁጥር አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ። «ምን አለ?» ይሉኛል። «ሥራ በዝቶበታል» እላቸዋለሁ። «ይብዛለት» ይላሉ። የምውለው እንዲህ ነው።

ፈርተህ ከሆነ ፈርቻለሁ በል። እኔም ፈርቻለሁ።

እትዬ


የካቲት 2 ቀን

ለእትዬና ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቶሎ ልንገራችሁ።

የቀያሪውን ቤት የኋላ ግድግዳ ሆን ብዬ አላጣበቅኩትም ነበር። ዛሬ ጠዋት ከሥራ ባልደረቦቼ ቀድሜ ገባሁ። ጠረጴዛው አጠገብ ተንበርክኬ ዓይኔን በግድግዳው ቦታ አስገባሁና በፊት መስኮቱ አየሁ። ሃዲዱ ይታያል። ፉርጎዎቹ ይታያሉ። ከዚያ መጋዘኑ። ምሰሶው ከመጋዘኑ ጀርባ ነው። ክንዱ አይታይም። ራሴን ወደ ግራ አደረግኩ፣ ወደ ቀኝ አደረግኩ። ሰው ቆሞ ሊያይ በሚችልበት ከፍታ ሁሉ ሞከርኩ። አይታይም።

ጋሼ፣ እውነትዎን ነበር።

ይህን ለመጻፍ ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። በእርስዎ ቤት እየበላሁ፣ በእርስዎ አልጋ እየተኛሁ፣ አንገትዎን ከኋላ እያየሁ ምን አስብ እንደነበር እዚህ አልጽፈውም። አገር ጥዬ የሄድኩት ለሥራ ብቻ አልነበረም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። የምጠይቀው እኔ ነኝ።

ልጅዎ
ጉንዳን


መጋቢት 14 ቀን

ለጉንዳን ወንድሜ፣

እጅህ ይባረክ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው። መጀመሪያ ስጨርስ «እንደገና» አሉ። ሁለተኛውን ስጨርስ «ከተንበርከኩበት ጀምሪ» አሉ፤ አንተን አንቱ አሉህ፣ አፋቸው ተሳስቶ። ሦስተኛውን ስጨርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

እኔ ግን አልቻልኩም፤ ወጣሁ። ወረቀቱን ይዤ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄድኩና ደንበኛ ምላጭ ሥር እያለ አነበብኩለት። በማግሥቱ ሊላጫቸው መጣና ደጅ ቆሞ በእውነተኛ ስማቸው ጠራቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተጠራ ስም ነው፤ አባባ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ዝም አሉ። የድሮው ትኬት ቆራጭ፣ ያ በፍርድ ቤት የመሰከረባቸው፣ በከዘራ መጥቶ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ እጃቸውን ሳመ። ለባቡር መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ እንጽፋለን ይላል። ፍርዱ ይሰረዝ ብለን፣ የሞዴልህን ፎቶ አያይዘን። ቶሎ ላክልኝ።

እኔ በገበያው መካከል ቀና ብዬ ሄድኩ። ሰው ቀና ብሎ ሲሄድ አንገቱን እንደሚያመው አላውቅም ነበር።

አባባ ግን ደስታው ከበዳቸው መሰለኝ። አይበሉም። ማመልከቻው ሲነሳ «ተዉት» ይላሉ። ትናንት «አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አሉኝ። «ተጋዳሚውን በስንት ሳንቲ ሂሳብ አሰበው?» ምን ሊያደርግልዎ ነው ብላቸው «ይመልስልኝ ብቻ» አሉ። የባቡር ሰው ነገር ነው። መልስላቸውና ይረፉ።

እትዬ


ሐምሌ 3 ቀን

ለእትዬ፣

እንደምን አላችሁ? አራት ወር ሊሞላ ነው፤ ምክንያቱን አሁን ታውቂዋለሽ።

የጋሼ ጥያቄ በደረሰኝ ዕለት መልሱን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ስድሳ ሳንቲ። ከንድፉ ላይ የወሰድኩት ነው፤ ዋናው ሃዲድ ላይ ተጋዳሚዎቹ በስድሳ በስድሳ ሳንቲ ይራራቃሉ። አርባ ተጋዳሚ ሃያ አራት ሜትር ይሆናል። መጋዘኑን ያቆምኩት እዚያ ላይ ነው።

ብዕሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ለምን ጠየቁኝ?

የዝገቱን ቅርጽ ለመቅዳት ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት አንድ ፎቶ አለ። በመጋዘኑ ሃዲድ ላይ የቆመ ፉርጎ ነው። ስምንት ወር አይቼዋለሁ፤ ያየሁት ግን ዝገቱን ብቻ ነው። ያን ቀን ከፉርጎው ሥር ያሉትን ተጋዳሚዎች ቆጠርኩ። የፉርጎውን ርዝመት አውቀዋለሁ። በስድሳ ሳንቲ ሂሳብ አሥራ አንድ መሆን ነበረባቸው። ዘጠኝ ናቸው። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ።

ለእህል ፉርጎ ብቻ የሚያገለግል ሃዲድ ስለሆነ እንጨት ቆጥበዋል። ሰባ አምስት ሳንቲ ነው የሚራራቁት። አርባ ተጋዳሚ ሠላሳ ሜትር ነው። በሞዴሉ ላይ መጋዘኑ ወደ ቀያሪው ቤት ከሚገባው በላይ ተጠግቶ ነበር የቆመው። በእኔ ጠረጴዛ ላይ ሰባት ሳንቲ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል።

ይህን ያወቅኩት ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው። ሚያዝያን ምንም አላደረግኩም። ግንቦትን ፉርጎ ቀባሁ። ሰባት ሳንቲ ማንም አያውቅም፤ ሙዚየሙ አያውቅም፣ ሜትር ይዞ የሚመጣ የለም። ፎቶውን ከግድግዳው አንስቼ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። ከዚያ መሳቢያውን ስከፍት ስዘጋ ዋልኩ።

ባለፈው ሳምንት መጋዘኑን በቢላ ከሥሩ አላቅቄ ወደ ቦታው ወሰድኩት። የነበረበትን ጠባሳ በአፈር ሸፈንኩት። ተንበርክኬ አየሁ።

ይታያል፣ እትዬ። ምሰሶውም ክንዱም። ከመጋዘኑ ጥግ ጋር ሰፊ ክፍተት አለው። ያንን አላየሁም ማለት ይከብዳል።

ፎቶ አልላክሁም፤ ማመልከቻውን አስቁሚ። ይህን ደብዳቤ ታነቢላቸው እንደሆነ አላውቅም፤ እዚያ ያለሽው አንቺ ነሽ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ጥያቄው ነው። ጋሼ ባይጠይቁኝ ኖሮ ዕድሜ ልኬን አላውቀውም ነበር። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ።

ወንድምሽ


ነሐሴ 1 ቀን

ለጉንዳን፣

ሰላምታ ይድረስህ።

ላለማንበብ አስቤ ነበር። ሁለት ቀን ትራሴ ሥር አሳደርኩት። በሦስተኛው ቀን «የጉንዳን ወረቀት መጥቷል አይደል?» አሉኝ። ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው የፖስተኛውን ሳይክል ይለያል። አነበብኩላቸው። ሰባ አምስቱ ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ተማሪው ሒሳቡ እንደወጣለት አስተማሪ።

«ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«እኔ እኮ ነኝ ያነጠፍኳቸው።»

«ታዲያ በተጋዳሚ ቁጠሪ ያሉኝ ሆን ብለው ነው?»

«አዎ» አሉ። ሻይ ልድገምዎ ብዬ የጠየቅኳቸው ይመስል።

ካታለሉት በኋላ ለምን ጠየቁት አልኳቸው። እንዲያምነኝ ነበር የፈለግኩት አሉ፤ ሲያምነኝ ግን ከበደኝ። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ያን መሸከም አልቻልኩም አሉ። ለእኔ ለመንገር አፋቸው እንቢ አላቸው፤ ስለዚህ አንተው ራስህ እንድትደርስበት ጥያቄውን ላኩልህ።

ከዚያ ጠየቅኳቸው። በሕይወቴ ጠይቄያቸው አላውቅም። አንተም አልጠየቅህም መሰለኝ። ሁላችንም ይታይ ነበር አይታይም እያልን ስለ መስኮቱ ስንከራከር ኖርን እንጂ እሳቸውን የጠየቀ የለም።

«አይቼዋለሁ» አሉ። «ክንዱ ሲወርድ አይቻለሁ። አንድ ፉርጎ ቀርቶኝ ነበር። እሱን አስገብቼ እመልሰዋለሁ አልኩ።»

ሌላ ምክንያት የለም። አልሰከሩም፣ አልተኙም። አንድ ፉርጎ።

የቀረውን ልጻፍልህ፣ አንተን ይመለከታል። ያን ዕለት ጭሱ ሳይጠፋ፣ መርማሪ ሳይመጣ፣ አንተ አንድ ጫማህ ከእግርህ ወልቆ የቀያሪውን ቤት ደረጃ ወጣህ አሉ። «ጋሼ፣ አባቴ ሲመጣ አላዩትም?» አልካቸው። «አላየሁም ልጄ» አሉህ። መርማሪዎቹ ሲመጡ እግራቸው ሥር ተቀምጠህ ነበር። ጠየቋቸው። «ልጁ እያየኝ ሌላ ምን ልበል?» አሉኝ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መልሼ ልይዘው ስል ራቀብኝ።»

እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሊያገባኝ የመጣ ሰው ሁሉ ያንን ስም ሰምቶ ከደጃፍ ተመልሷል። ለአንተ ሲባል የተዋሸው ውሸት ውስጥ የኖርኩት እኔ ነኝ። አንተማ ሄደሃል። አልቆጣህም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርክ። ግን አንድ ሰው ይወቅልኝ ብዬ ጻፍኩት።

ማመልከቻው ቆሟል። ትኬት ቆራጩን ፎቶው ተበላሸ አልኩት። ዛሬ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ በስማቸው ጠርቶ «እንደምን አደሩ ብሎዎታል በይልኝ» አለኝ። እሺ ብዬ አለፍኩ። አንገቴን ደፍቼ ይሆን ቀና ብዬ አላስተዋልኩም።

መልስህን ይጠብቃሉ። እኔ የምላቸው የለኝም። ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ጻፍ። አንዲት ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አነብላቸዋለሁ።

እትዬ


ነሐሴ 24 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ለእርስዎ ብቻ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው።

ያንን ቀን አስታውሳለሁ። የእንፋሎቱን ፉጨት አስታውሳለሁ፤ ከተጋጩ በኋላም ብዙ ቆየ። ሃዲዱ ላይ የፈሰሰውን እህል አስታውሳለሁ፣ እግሬን ይወጋኝ ነበር። አባቴን ያወጡበት ብርድ ልብስ ግራጫ ነው፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው። ያን ቀለም ዛሬ ብጠየቅ ሳልሳሳት እበጠብጠዋለሁ።

እርስዎን የጠየቅኩትን ግን አላስታውስም።

ደብዳቤው ከደረሰኝ ጀምሮ ስፈልገው ነበር። ሞዴሉ ለሕዝብ ተከፍቷል፤ ሰው ከወጣ በኋላ ጠባቂውን ለምኜ ገባሁ። ከደረጃው ሥር ተነስቼ በዓይኔ ወጣሁ። በሩ ላይ ደረስኩ። ከዚያ ወዲያ የለም። ፊትዎ የለም፣ ድምፅዎ የለም፣ «አላየሁም ልጄ» የሚለው የለም። እግርዎ ሥር መቀመጤም የለም። ዋሹኝ እያልኩ አይደለም። እርስዎ ይዘውት ስለኖሩ ለእርስዎ አለ። እኔ ግን አልያዝኩትም።

ይቅር ብያለሁ ብዬ እንድጽፍ ከጠበቁ፣ ጽፌው ነበር፤ ወረቀቱን ቀደድኩት። የሞቱት አሥራ አራት ናቸው፣ የእኔ አንዱ ነው። ለአሥራ ሦስቱ መናገር አልችልም። ስለ አንዱም ቢሆን ዛሬ አልችልም። ቆይቶ ይሆናል። እርስዎ ሰባ ዘጠኝ ዓመትዎ ነው፤ «ቆይቶ» ለእኔና ለእርስዎ አንድ አይደለም። አውቃለሁ፤ ይህንንም አውቄ ነው የምጽፈው።

በየክረምቱ መግቢያ ከእትዬ በፊት ለእኔ ጫማ ይገዙልኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። አንድ ክረምት እሷ ያለ ጫማ ከረመች። ይህንን ደግሞ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ አሁን እያነበበችልዎ ነው።

ጋሼ፣ ያን ዕለት ለእኔ ብለው አንድ ቃል አሉ፤ የሁላችንም ዕድሜ በዚያ ቃል ላይ አለቀ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እውነቱን ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ፣ እሱንም ምናልባት እረሳው ነበር።

ጉንዳን